በጣሳ የሚጠጣ እንግዳ ነው

«አባትሽ በምን ሞተ? እሷን ብቻ መልሺልኝ!»

«በሳል። ሽማግሌ ስትልኩ ጠይቃችሁ ሰምታችኋል እኮ እማማ።»

«ሳልማ እኔንም ያመኛል። ደም የሚያስተፋውን ሳል ነው የምልሽ!»

«እኔ አላስልም። ደሙ ብቻ ነው የሚመጣው።»

«በስመ አብ! ይኼማ የባሰው ነው!»

አማቴ እማማ ጥሩዬ ይህን ሲሉኝ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመዋል። ቤታችን የተሠራው በእሳቸው ይዞታ ላይ ስለሆነ ሲፈልጉ ሳያንኳኩ ነበር የሚገቡት፤ ያን ቀን ግን እግራቸው ከጉበኑ አላለፈም። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በጄ የያዝኩትን መሐረብ ከጭኔ ሥር ለመሸጎጥ እታገላለሁ። ባሌ ጌትነት መደቡ ላይ በሁለታችን መካከል ቁጭ ብሎ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

«አንተ! ተናገር እንጂ! ወይስ አንተንም ጀመረህ?» አሉት።

«እማ፣ ተይ እስቲ» አለ። ቀጥሎም ዓይኑን ከቁልፉ ሳይነቅል፣ «ትዕግስት፣ እስኪሻልሽ ድረስ ዳንግላ እናትሽ ጋ ብትሆኚስ?» አለኝ።

እሱ እንዲህ ካለ ምን ቀረኝ? ልብሴን በፌስታል ከትቼ ወጣሁ። እማማ ጥሩዬ ላለመነካካት ከበሩ ራቅ ብለው አሳለፉኝ፤ «እግዜር ይማርሽ» ያሉት አጥሩን ካለፍኩ በኋላ ነው።

ዛሬም ደም በአፉ እየመጣበት መሐረብ የሚደብቅ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው። መጽናኛ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ እኔ አሁንም ተናድጃለሁ። የሚጠቅም ነገር ግን አለኝ።

ሕመሜ የጀመረው በደስታችን ሰሞን ነው። እንጅባራ ላይ የከረመ ሰው መስከረም ሲጠባ እንደ ተፈታ እስረኛ ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ጭጋጉ ከደጅ አይነሣም፣ ልብስ አይደርቅም፣ ሰው ከሰው ጋር በጉም ውስጥ እየተጋጨ ሰላም ይባባላል። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት አገሩ ሁሉ በቀለም ተነክሮ ታገኘዋለህ። ግቢያችን ሰፊ ነው፤ ዳርዳሩን አደይ አበባ ወሮት፣ ሣሩ ወገብ ደርሶ፣ ዝናብ ያጠቆረው የቀርከሃ አጥር ቦታ ቦታው ላይ ተጋድሞ ነበር። ጌትነት እሑድ እሑድ ባጃጁን ያቆምና ገጀራ ያነሣል፤ እኔም የምሠራበት ኮፒ ቤት እሑድ ዝግ ስለሆነ ማጭዱን ይዤ እከተለዋለሁ።

«ማጭድ እንደ እስክሪብቶ ነው እንዴ የሚያዘው? ሣሩን ልትጽፊበት ነው ልታጭጂው?» ይለኛል።

«አንተ ደግሞ አጥር ስታጥር እንደ ባጃጅ አነዳድህ ነው፤ ሁሉም ወደ ጎን ያዘነብላል።»

ድንች ስንቆፍር ጓል እንወራወራለን። ሲደክመን ያጨድነው ሣር ላይ ተጋድመን ማዶውን እናያለን። ገብሱ መገርጣት ጀምሯል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንሱ ዛፍ ከሩቅ ሰማያዊ ይመስላል። ጌትነት ቀለም አይለይም፤ «ቢጫ ነው» ብሎ ይጨርሳል። የአደዩን ቢጫ፣ የገብሱን ቢጫ፣ የጎረቤታችንን ላም ቅቤ ቢጫ ለየብቻ ላስተምረው ስሞክር፣ «ሁሉንም ብታነጥሪው ያው ገንፎ ላይ ነው የሚቀርበው» ብሎ ያስቀኛል። በልጅነቴ ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴው ነኝ የለመድኩት። እነዚያን እሑዶች ግን የጻፍኩት ነገር የለም። ሰው ሲደሰት አይጽፍም መሰለኝ።

ከግቢው ግርጌ ምንጭ አለ። የጌትነት አባት ነፍሳቸውን ይማርና በድንጋይ ገድግደው ያበጁት ነው። የመንደሩ ቧንቧ ሲጠፋ፣ ያው ሁልጊዜ ነው የሚጠፋው፣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ። እማማ ጥሩዬ በሕይወታቸው የሚኮሩበት አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ምንጭ ነው። «ባሌ ለሰው ያተረፈው» ይሉታል። ታች በኩል ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ፤ በክረምት ኩሬው ሲሞላ ወደ ላይ ይመለስና ከምንጩ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በየመስከረሙ ጭቃው ይዛቃል፣ ድንጋዩ ይስተካከላል፣ ሣሩ ይነቀላል። ምንጭ መጥረግ የቤቱ ሰው ሥራ ነው፤ ጎረቤት አይነካውም።

ያን ዓመት የጠረግነው እኔና ጌትነት ነን። እማማ ጥሩዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዝዙናል። ስንጨርስ ውኃው ገና አልጠራም፤ ቡናማ ሆኖ ይሽከረከራል። ጣሳ ላመጣ ስነሣ ሳቁብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጣሳ ላምጣ።»

«በጣሳ የሚጠጣ እንግዳ ነው። ምንጩን የጠረገ የቤቱ ሰው በአፉ ነው የሚጠጣ። ባለቤቴ ያቆመው ሥርዓት ነው። ወይስ አንቺ ገና እንግዳ ነሽ?»

ከተጋባን ዓመት አልፎን አሁንም «የዳንግላዋ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። ጌትነት፣ «ጠጪ በቃ፣ ምን ችግር አለው» አለኝ። በሆዴ ተኛሁ፣ አፌን ውኃው ላይ አደረግሁ፣ ጠጣሁ። በደንብ ነው የጠጣሁት፤ የቤቱ ሰው መሆኔን ለማሳየት ጉሮሮዬ እስኪሰማ ድረስ። ከእኔ ቀጥሎ ጌትነት ተኝቶ ጠጣ። እማማ ጥሩዬ ያን ቀን «ልጄ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጉሮሮዬን ይኮረኩረኝ ጀመር። ፀጉር የዋጥኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስተፋ ምራቄ ቀላ። ድዴ ነው አልኩ። በሦስተኛው ጠዋት ጥቁር ደም ሆነ፤ ድድ እንደዚያ አይደማም። ሳል የለኝም፣ ትኩሳት የለኝም፣ ምግብ እበላለሁ። ጸጥ ስል ብቻ፣ ከጉሮሮዬ በላይ፣ ከአፍንጫዬ በስተኋላ አንድ ነገር ቦታ የሚለውጥ ይመስለኛል።

ይህንን፣ ቃል በቃል፣ ከተማ ውስጥ ላለ አንድ የክሊኒክ ሐኪም ተናገርኩ። ሰውየው ቀና ሳይል፣ «የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ነው የምትይው?» አለ።

«አዎ።»

«ስሜት ነው። ጭንቀት አለብሽ?»

«ደም እየተፋሁ ለምን አልጨነቅም?»

ደም ተወሰደ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። በዚህ አገር ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተገኘበት ሰው ካለ እሱ ነው የሚያሳስበው። መርፌውን ተወጋሁ፣ ኪኒኑን ጨረስኩ፤ ደሙ አልቆመም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጨጓራ ቆስሎ ደሙ ወደ ላይ እየመጣ ነው አሉኝ፤ በርበሬ ተከለከልኩ። ያለ በርበሬ እየበላሁ ደም መትፋቴን ቀጠልኩ። ጌትነት በመጀመሪያ ያጽናናኝ ነበር፤ ቆይቶ ኩባያዬን ለየው። ነገሩን በግልጽ አልነገረኝም፤ የእኔን ብቻውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። እሱም ከአልጋው ወርዶ መደቡ ላይ መተኛት ጀመረ፤ «ወገቤን አመመኝ» ብሎ። ሰው ሲዋሽ ለምን ወገቡን እንደሚያመው አላውቅም። ከዚያ እማማ ጥሩዬ ሰሙ፤ ያ በመግቢያዬ የነገርኳችሁ ክርክር መጣ።

ዳንግላ እናቴ ቤት ስደርስ ፌስታሉን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ውኃ ቀዳችልኝ። ግማሹን ጠጥቼ አስቀመጥኩት። አነሣችው፣ ሳትጠርገው፣ እኔ የጠጣሁበትን ጫፍ በአፏ ይዛ የቀረውን ጨለጠችው። ከዚያ፣ «እንግዲህ ከታመምን አብረን ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት።

እናቴ ልትፈራ የሚገባት ሰው ነበረች። አባቴን የቀበረችው እሷ ነች። አባቴ በሕይወት እያለ ለማንም ሳይናገር ደሙን በሣር እየሸፈነ ኖረ፤ ሐኪም ቤት የሄደው ሰው ተሸክሞት ነው። ሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። አባቴን የገደለው ሳንባው ብቻ አይመስለኝም፤ እፍረቱም አብሮ ነው።

በጥቅምት ዳንግላ ዙሪያው ኑግ ነው፤ እስከ ዓይን ዳር ድረስ ቢጫ። እኔ ግን ከአልጋ ስነሣ ዓለም ይጨልምብኝ ጀመር። ድምፄ ሻከረ፤ ኋላ ላይ ሹክሹክታ ብቻ ቀረኝ። መዳፌ ነጣ፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ከጆሮዬ ሥር ይመታል። ይኼ ደም ማነስ ነው፤ ሰውነት ከሚተካው በላይ ደም ሲፈስበት የሚመጣ። ሌሊት ሌሊት ያ ነገር ሲንቀሳቀስ እናቴን እንዳልቀሰቅስ አንገቴን በሁለት እጄ ይዤ እቀመጥ ነበር። ላለመሞት ሳይሆን ያበድኩ መሆን አለመሆኔን ለማወቅ ነበር የምታገለው። ሐኪሙ ስሜት ነው ብሎኛላ።

አንድ ቀን እናቴ በጋሪ ወደ ክሊኒክ ስትወስደኝ መሐረቤ አምልጦኝ ወደቀ። ጋሪ ነጂው ደሙን አየ። ሊያወርደን ነው ብዬ ስጠብቅ መንገድ ላይ እጁን ያነሣውን ተሳፋሪ ሁሉ እያለፈ፣ ድንጋይ በበዛበት ቦታ ፈረሱን በልጓም እየያዘ በእግር አስኬደው። ስንወርድ፣ «ስትመለሱ እዚሁ ነኝ» አለ። ስሙን አልጠየቅሁትም። በዚያ ሰሞን እናቴንና እሱን ትቼ ሌላው ሰው ሁሉ ለኔ ጠላት ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ አክታ አምጪ አሉኝ። አክታ ማለት ከሳንባ በሳል የሚወጣው ወፍራሙ ነው፤ እኔ ሳል ስለሌለኝ ደም የነካው ምራቅ ሰጠኋቸው። የሳንባ ተሕዋሲ አልተገኘም። ድገሚ አሉኝ፤ አልተገኘም። ራጅ ተነሣሁ። ወጣቱ ሐኪም ራጁን መስኮቱ ላይ ደቅኖ፣ «እዚህ ጋ ነጣ ያለ ነገር ያለ ይመስላል» አለ።

«ይመስላል ወይስ አለ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ባሕር ዳር ሄደሽ ብትታዪ ይሻላል። ካልሆነም መድኃኒቱን እንጀምርልሽ።»

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከጎኔ የነበረች ሴት «ሳንባ» የሚለውን በበሩ ሰምታ ልጇን አንሥታ ወደ ማዶው ግድግዳ ተሻገረች። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው።

ጌትነት እስከዚያ ቀን አልመጣም ነበር። በስልክ «ኔትዎርክ የለም» ይላል፤ ኔትዎርክ ከሌለ በምን እየነገረኝ እንደሆነ እሱ ይወቅ። በመጨረሻ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። እናቴን ሳመ፤ ለእኔ ከሩቅ አንገቱን ነቀነቀ። እናቴ ብርቱካኑን ተቀብላ፣ «ጌትነት ልጄ፣ ልትጠይቃት ነው የመጣኸው ልታለቅስላት? ለልቅሶው ገና ነው» አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። «እማ ናት እኮ… ስትጨቀጭቀኝ…»

«እናትህንማ ሰምተሃል። አሁን ሚስትህን ስማት፤ ድምጿ እንዳለቀ ታያለህ፣ ቶሎ ብትሰማት ነው የሚሻልህ።»

ባሕር ዳር እወስዳታለሁ አለ። በነጋታው ሚኒባስ ያዝን። እኔ መስኮት ዳር፣ እሱ ከጎኔ ተቀመጥን፤ ቢያንስ እዚያ ላይ የሚርቅበት ቦታ አልነበረም። መሐረቤን አፌ ላይ ይዤ ስሄድ ከኋላችን ያሉ ሽማግሌ፣ «መስኮቱን ክፈቱ፣ በሽተኛ አለ» አሉ። ሌላው፣ «ተዉ ብርድ ነው» አለ። እስከ ዱርቤቴ በእኔ መስኮት ተከራከሩ። ጌትነት አንገቱን ደፍቷል። እኔ ብናገር ኖሮ የምለው ብዙ ነበር፤ ድምፅ አልነበረኝም።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ከሰው ብዛት ወለሉ አይታይም። ጌትነት አንድ ወንበር ለቆ ተቀመጠ። ባዶውን ወንበር ሌላ ሰው መጥቶ ያዘው፤ ሰውየው እጁ ተሰብሮ በካርቶን ታስሯል፣ በእኔና በባሌ መካከል እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ ዋለ። ተራዬ ሲደርስ ወደ ሳንባ ክፍል ሊመሩኝ ነበር። መዝጋቢዋ ግን ድምፄን ሰምታ፣ «መጀመሪያ ጉሮሮሽ ይታይ» ብላ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሟ ላከችኝ።

ሐኪሟ የደከማት፣ የተቆጣች፣ ምሳ ያልበላች ሴት ነበረች። ደህና አደርሽም አላለችኝ። ታሪኬን ልጀምር ስል፣ «ቆይ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለች። ግንባሯ ላይ የታሰረውን መብራት አበራች። ምላሴን በብረት ተጫነች። መስተዋት እንደ ማንኪያ ያለ ነገር ወደ ውስጥ አስገባች። መስተዋቱን ደጋግማ አዞረችው። ማየቷ ሲረዝም ሞቴን አየሁት።

«ምንጭ ላይ በአፍሽ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«እስከ ዛሬ ስንት ቦታ ታየሽ? አንድ ሰው እንኳ አፍሽን አላስከፈተም?»

«ምራቄን ነው ያዩት» አልኩ።

«አንተ ባልየው፣ ና! ና እይ!»

ጌትነት ከበሩ መጥቶ አጎነበሰ። ፊቱን ከፊቴ ከስንት ሳምንት በኋላ ነበር እንደዚያ ያቀረበው። «ኧረ በማርያም! አልቅት ነው!» ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የከብት ብቻ ይመስላችሁ ነበር?» አለች ሐኪሟ ጓንት እያጠለቀች። «ስትገባ ክር ታክላለች። ደም እየጠጣች ነው የምታድገው፤ ሰውየው እየነጣ እሷ ትወፍራለች።»

የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጉሮሮዬ ላይ ረጨችና በረጅም መቆንጠጫ ገባች። አልቅት ያሟልጫል፤ አንዴ አመለጣት፣ ሁለተኛም አመለጣት፤ አስመለሰኝ፣ እምባዬ ወረደ። ጌትነት እጄን ያዘ፤ ሐኪሟ «ልቀቃት፣ እንዳትንቀሳቀስ» ብላ ጮኸችበት። በሦስተኛው ስትጎትት አንድ ነገር ከውስጤ ሲላቀቅ ተሰማኝ፤ ልክ እንደተጣበቀ ፕላስተር። ጥቁር፣ ጣት የምታህል፣ እየተኮማተረች ሳሕኑ ላይ ወደቀች። ለሳምንታት «ስሜት» የተባልኩት ያቺ ናት።

ሐኪሟ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አልኮል ጨምራ አልቅቷን ከተተችልኝ። «ውሰጂና አሳዪ፤ ሌላውም ይጠንቀቅ» አለች። ወደ ጌትነት ዞራ፣ «አንተም አፍህን ክፈት!» አለችው። ምንም አልነበረበትም። እውነቱን ለመናገር፣ አንዲት ትንሽ ብትገኝበት አይከፋኝም ነበር።

ደሙ በሁለተኛው ቀን ቆመ። ድምፄ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የመዳፌ ንጣት ግን የብረት ማዕድን ያለበትን የደም መተኪያ ኪኒን ወራት ወስጄ ነው የለቀቀኝ። ሳንባዬ ሲታይ ደህና ነበር።

አሁን የምጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ከኩሬ ወይም ከምንጭ በአፋችሁ አትጠጡ፤ ውኃውን አፍሉት፣ ካልቻላችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት። በአፍ ወይም በአፍንጫ ደም ከመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ጉሮሯችሁ በመብራት እንዲታይ ጠይቁ፤ ካላዩት እንቢ ብላችሁ ተቀመጡ። የትንባሆ ውኃ ተጉመጥመጪ ያለኝ ሰው ነበር፤ ለከብት እንደዚያ ያደርጋሉ። አታድርጉት፤ መርዝ ነው፣ የተላቀቀችው አልቅትም ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ልትገባ ትችላለች። ሳንባችሁንም አስመርምሩ። ሳንባ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ አትፈሩ፤ የሚያሳፍረው የሰው ኩባያ የሚለይ ሰው ነው።

እንጅባራ የተመለስኩት በኅዳር ነው። አደዩ ረግፏል፣ ያጨድነው ሣር ግራጫ ሆኗል። እማማ ጥሩዬ ያን ቀን ከጉበኑ አልፈው ገቡ። ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አንሥተው ዞር ዞር አድርገው አዩትና መለሱልኝ።

«ይኼ የባሕር ዳር አልቅት ነው። ከጣና ይሆናል የገባብሽ።»

«ባሕር ዳር የሄድኩት ታምሜ ነው እኮ እማማ።»

«እንጃልሽ። የኛ ምንጭ አልቅት የለውም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ምንጩ ላይ ጀሪካን የሚሞሉትን ሴቶች ጠርሙሱን እያሳየሁ አስጠነቀቅኋቸው። ልጆቻቸው ተኝተው እንዳይጠጡ፣ ውኃውንም እንዲያጠሉ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ አመሰገኑኝ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ምንጭ መሄድ ጀመሩ። የእማማ ጥሩዬ ደጅ ከጀሪካን ጩኸት ጸጥ አለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጌትነት ድንች ሲልጥ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ገቡ። አልተቀመጡም።

«የባሌን ምንጭ አረከስሽው።»

«ያገኘሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ስሚ አንቺ ልጅ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ። የታመምኩት ከአባቴ ቤት ይዤው በመጣሁት ሳንባ ነው፣ በጸበል ዳንኩ ትያለሽ። ነውር የለውም፣ ስንቱ ድኗል።»

«ጸበል ያድናል፤ ውሸት ግን አያድንም። እኔ ሳንባ አልነበረብኝም።»

«ሳንባ ቢሆን ምን ይጎድልሻል? ያው ተርፈሻል! የሙት ስም ከሚጠፋ…»

«የእኔም አባት ሙት ነው እማማ።»

ሽንኩርቱን ትቼ ተነሣሁ። ድምፄ ገና ይሰነጠቅ ነበር፤ ቢሆንም ከባሕር ዳር ስመለስ በልቤ የቋጠርኩትን ወረወርኩት፦

«ምንጩስ ንጹሕ ነበር ሰው ባያደፈርሰው፣
ከአልቅት ይልቅ ምላስ ነው ደም የሚያፈሰው።»

«ግጥምሽን እዚያው ዳንግላሽ!» ብለው ጮኹ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስማ አንተ። ወይ ነገ ያልኳትን ትላለች፣ ወይ ከግቢዬ ትወጣለች። እዚህ ይዞታ ላይ የማዝዘው እኔ ነኝ። አሁን ንገራት።»

ጌትነት ቢላዋው ድንቹ ላይ እንደቆመ ቀረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ቁልፍ ሲያሽከረክር የነበረው ፊት ነው። ልብሴን የምከትበት ፌስታል የት እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ። እናቴ ጋ ስደርስ ምን እንደምላት ማሰብ ጀመርኩ።

«እማ» አለ።

«እህ።»

«አልቅቷን ጉሮሮዋ ውስጥ እያለች በዓይኔ አይቻታለሁ። ከአባዬ ምንጭ ነው የገባችው። ጠጪ ያልናት እኔና አንቺ ነን።»

«እናትህን ነው የምትናገረው?»

«አንቺን ነው። ነገም ሴቶቹ ከጠየቁኝ ይህንኑ ነው የምላቸው። ከግቢው ትውጣ ካልሽ፣ ስንወጣ ሁለት ነን።»

እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አጣፉ። እኔን አላዩኝም። ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱና ጉበኑ ላይ ቆሙ። በአገራችን እንኳን እናት፣ ተጣልቶ የሚሄድ ባላንጣም እስከ አጥሩ በር ይሸኛል። ጀርባቸውን እንደሰጡ ጠበቁ። የእኔው እግር ሳላዘው ሊከተላቸው ቃጣው፤ አስተዳደግ ክፉ ነው። ያዝኩት። ጌትነት የድንቹን ልጣጭ በረጅሙ ላጠው፤ ልጣጩ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሌላ ድንች አነሣ።

«አትሸኘኝም?» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ጌትነት ሁለተኛውን ድንች መላጥ ጀመረ።

ወጡ። በሩን ከውጭ በኩል ራሳቸው ሳቡት፤ ተዘጋ።